የሌሊት ትንፋሽና የልብ ጤና
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከየካ ሚካኤል ተነሥቶ ከዐለት ወደ ተፈለፈለው ወደ ጥንታዊው ዋሻ ሚካኤል የሚያወጣው ዳገት የብዙ ሰው ልብ የሚፈተንበት መንገድ ነው። ሰውነቱ የከበደ ሰው በዚያ ዳገት ላይ ቁና ቁና ሲተነፍስ ያየ ሁሉ «ዐረፍ በል» ይለዋል። ያው ሰው ሌሊት ተኝቶ ትንፋሹ ሲቋረጥ ግን የምታየው ባለቤቱ ብቻ ናት፤ እርሷም ማንኮራፋቱን የድካም እንቅልፍ ነው ብላ ታልፈዋለች። ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ይህንኑ ከሐኪም ዐይን የተሰወረ የሌሊት ዳገት ነው።

እንደሚታወቀው፣ በአንገትና በምላስ ሥር የተከማቸ ስብ የአየር መተላለፊያውን ያጠብበዋል። በእንቅልፍ ጊዜ ጡንቻዎች ሲላሉ ጉሮሮው ይዘጋል፤ ትንፋሽ ለ10 ሴኮንድና ከዚያም በላይ ይቋረጣል፤ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ አንጎልም ሰውየውን ያባንነዋል። በዚያች ቅጽበት የደም ግፊት ያሻቅባል፤ ልብም ይጨነቃል። የትንፋሹ መቋረጥና መሳሳት በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲደጋገም ሕመሙ ጽኑ ይባላል። ለመድኃኒት አልበገር ያለ የደም ግፊት፣ የልብ ምት መዛባትና የልብ ድካም ከዚህ ሕመም ጋር ተያይዘው ይገኛሉ።

ደገኞች መሆናችን ይጠብቀናል የሚል ይኖር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የደማቸው የኦክስጅን መጠን ከባሕር ጠለል ነዋሪዎች ብዙም እንደማይለይ ታይቷል። ይሁን እንጂ ከፍታን የለመደ ደም የተዘጋ ጉሮሮን አይከፍትም። ውፍረትም ቢሆን የሌላ አገር ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፤ በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 8 ደርሰዋል።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ፣ ኮሊን ሱሊቫን እ.ኤ.አ. በ1981 በአውስትራልያ ያስተዋወቀው ሲፓፕ የተባለው መሣሪያ በአፍንጫ ጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮውን ክፍት ያደርጋል። ማንኮራፋቱና የቀን ማንቀላፋቱ ይቀንሳሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፣ ቀድሞ የልብ ወይም የአንጎል ደም ሥር ሕመም በነበረባቸው 2,717 ሰዎች ዘንድ መሣሪያው የልብ አደጋን ሲቀንስ አልታየም። ተጠቃሚዎቹ መሣሪያውን በአማካይ ያደረጉት በሌሊት ለ3.3 ሰዓት ያህል ብቻ እንደነበረ ግን መዘንጋት አይገባም።

ከዚህ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2014 በ181 ወፍራም ሕሙማን ላይ የተደረገው የ24 ሳምንት ጥናት ምክንያቱን በከፊል ያስረዳል። ክብደት መቀነስ በደም ውስጥ ያለውን የብግነት ምልክትና ቅባት ዝቅ አድርጓል፤ መሣሪያው ብቻውን ግን ይህን አላደረገም። ሁለቱን ሕክምናዎች በትጋት በተከታተሉት ዘንድ ደግሞ የደም ግፊት ይበልጥ ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ክብደት ቀናሹ ቲርዜፓታይድ በአሜሪካ ለዚሁ ሕመም መፈቀዱም ይህንኑ አቅጣጫ ያመለክታል። ስለዚህ ጉሮሮውን ከፍቶ ክብደቱን መተው ግማሽ ሕክምና ነው፤ ክብደቱን ብቻ እየመከሩ የዛሬውን ሌሊት መርሳትም እንዲሁ።

ባልደረቦቼ፣ መሣሪያውም ሆነ አዲሱ መድኃኒት በሁሉም ሕመምተኛ እጅ እስኪገባ ድረስ መጠየቅ ግን ዋጋ አያስከፍለንም። ግፊቱ አልወርድ ያለውን ሰው «ታንኮራፋለህ? ቀን ያንቀላፋሃል?» እንበለው፤ አብሮት የመጣውን አስታማሚም «ትንፋሹ ሲቋረጥ አይተሃል?» ብለን እንጠይቅ። በጎኑ እንዲተኛ፣ ማታ አልኮልና የእንቅልፍ ክኒን እንዲተው እንምከረው። ሾፌር ከሆነ ደግሞ የእንቅልፉ ነገር የተሳፋሪዎቹም ሕይወት ነው። ይህን ሁሉ ስናደርግ ስለ ውፍረቱ እንዳናሳፍረው እንጠንቀቅ፤ ያፈረ ሕመምተኛ ተመልሶ አይመጣምና።