የሱስ መድኃኒት በወንድና በሴት ላይ
(በኢየሩሳሌም፣ በኢትዮጵያ መንገድ አካባቢ፣ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች ከተደረገ ንግግር)



አንዲት እናት «ልጄ አርግዛለች፤ የሱሱን መድኃኒት ታቁም ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። በራሷ ፈቃድ አታቁም።

ከሄሮይን ወይም እንደ ፐርኮሴት ካሉ የሕመም ማስታገሻዎች ሱስ ለመላቀቅ በብዛት የሚሰጡት ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን ናቸው። ለወንድም ለሴትም ያገለግላሉ፤ በሰውነት ላይ የሚያመጡት ግን አንድ አይደለም።

ሄሮይን የምትወስድ ሴት የወር አበባዋ ብዙ ጊዜ ይዛባል። ሕክምና ስትጀምር ሊስተካከል ስለሚችል፣ መካን ነኝ ብላ የተቀመጠችው ሳታስበው ልትፀንስ ትችላለች። ያን ጊዜ ደንግጣ መድኃኒቱን ብታቋርጥ ወደ ሄሮይኑ ልትመለስ፣ ፅንሱም ሊጎዳ ይችላል። እንዲያውም እርግዝናው ሲገፋ ሰውነቷ ሜታዶንን ቶሎ ስለሚያስወግድ ሐኪሙ መጠኑን ሊጨምርላት ይችላል። የተወለደው ሕፃን ቢንቀጠቀጥ፣ አልቅሶ እንቢ ቢል፣ ሆስፒታል ውስጥ ይታከማል። ሜታዶን የልብ ምትንም ሊያዛባ ይችላል፤ ለዚህም ሴቶች ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው።

በወንዶች በኩል ደግሞ ባል ለሚስቱ እንኳ የማይናገረው ነገር አለ። ሜታዶን የወንድነትን ሆርሞን ሊቀንስ ስለሚችል የግብረ ሥጋ ፍላጎት ሊዳከም ይችላል፤ በዚህ አፍሮ መድኃኒቱን የሚተው አለ። በቡፕረኖርፊን ይህ ችግር ያነሰ ነውና ለሐኪሙ ይንገር።

በሰፈራችን ሁሉም ይተዋወቃል፤ ሐሜት መፍራታችሁ ይገባኛል። ቢሆንም እናት ትንሽ ልጇን አስተርጓሚ አድርጋ ስለ ወር አበባዋ እንዴት ትናገራለች? የጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው መመሪያ ሆስፒታሎችና ኩፓት ሆሊሞች ለበሽተኛው የቋንቋ እርዳታ እንዲያዘጋጁ ያዛል። የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ቀጠሮ ስትይዙ ቀድማችሁ አስታውቁ።