ፕሮቶን የሚያሳልፍ ሸክላ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን በፊታችሁ ቆሜ የምናገረው ስለ አንድ የሸክላ ዐይነት ነው። ሸክላ ስል ግን ጀበናውንና እንስራውን ሳይሆን፣ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የሚያገለግለውን ኦክሳይድ ማለቴ ነው።

እንደምታውቁት በወላይታና በዳውሮ መካከል የኦሞን ወንዝ የሚገድበው ግልገል ጊቤ 3ኛ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ጉልበቱም 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ነገር ግን መብራት በጠፋበት ሌሊት በኩራዝ ያጠና የሻንቶ ተማሪ፣ ኀይልን ማመንጨት ብቻ ሳይሆን ማስቀመጥም እንደሚያስፈልግ ያውቃል። በኤሌክትሪክ ውሃ ሲከፈል ሃይድሮጅን ይገኛል፤ የነዳጅ ሴል ደግሞ ሃይድሮጅኑን ከኦክስጅን ጋር አዋሕዶ ኤሌክትሪኩን መልሶ ይሰጣል፤ የሚተርፈውም ውሃ ነው።

ይህን የመሰለውን ሴል ዊልያም ግሮቭ ያሳየው በ1839 እ.ኤ.አ. ነበር። አስቸጋሪው ነገር በሴሉ መካከል ያለው ግድግዳ ነው። ኦክስጅንን የሚያሳልፈው የተለመደው ኦክሳይድ በደንብ የሚሠራው እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲግል ነው፤ ይህም ዋጋውን ያስወድዳል። በ1981 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው ሂሮያሱ ኢዋሃራና ባልደረቦቹ ፕሮቶንን የሚያሳልፉ ኦክሳይዶችን አስታወቁ። እነዚህ ከ400 እስከ 600 ዲግሪ ሊሠሩ ይችላሉ።

ፕሮቶኑ የሚጓዘው፣ ወንዝ ላይ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለለ እንደሚሻገር ልጅ ነው። በአንዱ ኦክስጅን ዙሪያ ይዞራል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ይዘላል። እንግዲህ ሸክላው ሲጨመቅ ድንጋዮቹ ስለሚቀራረቡ መንገዱ የሚቀል ይመስለን ይሆናል። ዳሩ ግን ይትሪየም የተቀላቀለባቸውን የባርየም ኦክሳይዶች በከፍተኛ ግፊት የመረመሩ ሊቃውንት ያገኙት ተቃራኒውን ነው፤ ሸክላው ሲጨመቅ ፕሮቶኑን ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ጉልበት ጨመረ። አቶሞቹ እንደ ልብ ካልተወዛወዙ ፕሮቶኑን አያቀባብሉትምና። ስለዚህ ስሱን የኦክሳይድ ሽፋን፣ የአቶሞቹ ርቀት ሰፋ ባለ ሌላ ክሪስታል ላይ አሳድጎ ጥቂት መወጠር እንደ አንድ ዘዴ ይቈጠራል።

ነገር ግን ውጥረትም ልክ አለው። በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢፈስ እንደሚሰነጠቅ ሁሉ፣ የሴሉ ንብርብሮች ሲሞቁ እኩል ካልሰፉ ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ ጋዞቹ ይቀላቀላሉ፤ ሴሉም ይበላሻል።

ወላጆቻችን ሆይ! ይህን የሸክላ ጠባይ ከእኛ በፊት ያወቁት ሸክላ ሠሪዎቻችን ናቸው። እንስራውን ቀስ ብለው ካላደረቁት እሳት ውስጥ እንደሚፈነዳ ያውቃሉና። ሆኖም በአገራችን ሸክላ ሠሪ ለብዙ ዘመን ሲናቅ ኖሯል፤ ከእርሱ ጋር መብላትና መጋባትም ነውር ተብሏል። እኛ በላቦራቶሪ ልንማረው የምንመኘውን እርሱ በእጁ ይዞት ሳለ፣ የእርሱን ልጅ ከጐናችን እንዳይቀመጥ ብናደርግ ዕውቀትን ራሱን መግፋታችን ነው።