«ሙጫ» የተባለው ቃል በመተማ ቆላና በማተሚያ ቤት



መተማ ዮሐንስንና የሱዳኗን ጋላባትን የሚለያቸው አንድ ጠባብ ወንዝ ነው፤ በላዩም ድልድይ ተዘርግቶበታል። በወዲህኛው ማዶ «ቀለም» ብሎ የጠየቀ ሰው በጠርሙስ ወይም በጣሳ የተሞላ ፈሳሽ ይቀርብለታል። ድልድዩን ተሻግሮ ያንኑ ቃል፣ በሱዳኖች አነጋገር «ገለም» ብሎ ቢጠይቅ ግን የሚሰጠው ብዕር ነው። የቃሉ ጥንተ ነገር በግሪክኛ ሸምበቆ ማለት ነበር። ዐረቦች ከሸምበቆ ለሚቀረጸው መጻፊያ አዋሉት። በግዕዝና በአማርኛ ደግሞ ከመጻፊያው ወደ ፈሳሹ ተሻገረ፤ ከዚያም አልፎ ቀዩንም አረንጓዴውንም ሁሉ ጠቀለለ፤ ይባስ ብሎም የትምህርት ስም ሆነና «ቀለም የማይዘልቀው» የሚባል ተማሪ ተገኘ።

የመጽሐፍ ሥራ ቃላት ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ መንገደኞች ናቸው። «ብራና» ከላቲኑ ሜምብራና፣ «ደብተር» ከግሪኩ ዲፍቴራ የመጡ ሲሆኑ ሁለቱም በየትውልዳቸው ቆዳን ያመለክቱ ነበር። «ወረቀት» ዐረብኛ ነው፤ ፍቺውም ቅጠል ነው። «እርሳስም» እንደዚሁ ከዐረብኛው የማዕድን ስም መጥቶ በአማርኛ ማዕድኑንም መጻፊያውንም ይጠራል። በእርሳስ የተቀረጸ ፊደል እየተለቀመ ይታተም በነበረበት ዘመን አንድ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ በአንድ እጁ የፊደሉን እርሳስ፣ በሌላው የማረሚያውን እርሳስ ይዞ ሊገኝ ይችል ነበር። ግን አልተደናገረም፤ ሥራው ራሱ አንዱን ከሌላው ይለይለት ነበርና። ቃል ሁለት ነገር መሸከሙ ብቻውን ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው ቃሉን የሚናገረውና ዕቃውን የሚያቀርበው ሰው በአንድ ቤት ውስጥ ሳይሆኑ ሲቀሩ ነው። ለዚህም ከመተማ ቆላ የበለጠ ምሳሌ የለም፤ ቃሉም «ሙጫ» ነው።

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በመተማና በቋራ ምድር፣ ቅርፊታቸው ሲቈስል የሚያነቡ ሁለት ዓይነት ዛፎች አሉ። አንደኛው የዕጣን ዛፍ ነው። በበጋ ወራት ግንዱ በየጊዜው በትንሽ በትንሹ እየተፋቀ ነጭ ፈሳሽ ያወጣል፤ ፈሳሹም በሐሩሩ ደርቆ እንደ እንባ ይንጠለጠላል። የዕፀዋት ሊቃውንት ለዚህ ዛፍ ያወጡለት ስም ቦስዌልያ ፓፒሪፌራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቃል «ወረቀት ተሸካሚ» እንደ ማለት ነው። ይህም ቅርፊቱ በስሱ እየተላጠ እንደ ወረቀት ስለሚገፈፍ ነው። (ወረቀት ተሸካሚ የተባለው ዛፍ ለወረቀት ሙያ ይህን ያህል የማይጠቅም፣ የሚጠቅመው ደግሞ ሌላው መሆኑ የስም አወጣጥ ቀልድ ሳይሆን አይቀርም።) ሁለተኛው ዓይነት የግራር ወገን ነው፤ እርሱም ሲቈስል እንደ ማር የጠራ ወይም የቀላ ድብልብል ነገር ያወጣል።

የሁለቱ ልዩነት በአንድ ብርጭቆ ውኃ ይታወቃል። የግራሩ ሙጫ ውኃ ውስጥ ሲያድር ሙሉ በሙሉ ሟሙቶ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይሆናል። ዕጣኑ ግን ከሚሟሟው ክፍል በተጨማሪ ውኃ የማይበግረው ዝፍትና መዓዛ ያለው ዘይት ስላለበት ውኃውን እንደ ወተት ያደፈርሰዋል እንጂ አይሟሟም።

ይህ ልዩነት ለኦፍሴት አታሚ እንጀራው ነው። የባቫርያው አሎይስ ዜኔፌልደር በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የድንጋይ ኅትመትን ሲያገኝ የተደገፈው ቅባትና ውኃ አለመዋደዳቸውን ነው። ጽሑፉ ያረፈበት ቦታ ቅባታማውን ቀለም ይቀበላል፤ ባዶው ቦታ ደግሞ ውኃ ይዞ ቀለሙን ይመልሳል። ባዶው ቦታ ውኃ እንዲይዝ ያደረገው ከአሲድ ጋር የተቀላቀለ የግራር ሙጫ ነበር። ድንጋዩ በአሉሚኒየም ፕሌት ከተተካ በኋላም ሥርዓቱ አልተለወጠም፤ መኪናው ሲቆም ፕሌቱ በስስ ሙጫ ይቀባል፤ አለዚያ ባዶው ቦታ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ይበላሽና በማግሥቱ ቀለም እየያዘ ገጹን ያቈሽሻል። በዚህ ቦታ ዝፍትና ዘይት ያለበትን ነገር የቀባ አታሚ ውኃ እንዲይዝ በሚፈልገው ገጽ ላይ ቅባት አኖረ ማለት ነው።

እንግዲህ የአማርኛው ቃል በዚህ ላይ ምን ይረዳል? በመሥሪያ ቤቶች አጻጻፍ «የተፈጥሮ ሙጫ» የሚለው የወል ስም ዕጣኑን፣ ከርቤውንና የግራሩን ሙጫ በአንድነት ያጠቃልላል። በጥረዛ ክፍል ደግሞ ማንኛውም የሚያጣብቅ ነገር፣ ከፋብሪካ የሚመጣው ነጭ ኮላ ጭምር፣ ሙጫ ይባላል። በጠርሙስ ታሽጎ ከውጭ የሚገባው የፕሌት ሙጫም አንዳንዱ ከስታርች የተሠራ ሆኖ ይገኛል።

ለዚህ ድህነት ምክንያት አለው። የብራና መጽሐፍ ጠራዥ የጥራዙን ጀርባ በሙጫ አያጣብቅም ነበር፤ ጥራዝን ከጥራዝ በክር ወይም በጅማት ሰንሰለት እያደረገ ይሰፋል፣ ስፌቱንም በእንጨቱ ገበታ ቀዳዳ ያሳልፋል። ስለዚህ ለስፌቱ፣ ለገበታው፣ ለድጉሱ ቆዳ፣ ለማኅደሩ የጠራ ስም ሲተርፍ፣ ለማጣበቂያው ግን አንድ ቃል በቃው። በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሲቋቋምና የወረቀት መጽሐፍ ሲበዛ ሥራው ተለወጠ፤ ቃሉ ግን ባለበት ቀረ።

ድልድዩን የተሻገረ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል። ሱዳናዊው ነጋዴ ዕጣኑን ሉባን፣ የግራሩን ሰምግ ይለዋል፤ ሰምጉንም ሐሸብና ጠልሕ ብሎ ይከፍለዋል። ሐሸቡ በዋጋ ይበልጣል፤ ጠልሑ በቀላሉ የሚሰባበርና በዋጋ የሚያንስ ነው። ሁለት ስም ያለው ሻጭ ሁለት ዋጋ ይጠይቃል። በአማርኛ «ሙጫ» ብሎ ብቻ አንድ ላይ የጫነ የቆላ ሰብሳቢ ግን የተሻለውን በአነስተኛው ዋጋ ሊያስረክብ ይችላል፤ ጉድለቱንም የሚያውቀው የገዛው እንጂ የሸጠው አይደለም።

አንዳንድ ሊቃውንት ለእያንዳንዱ ከግዕዝ ሥር አዲስ ቃል ቢወጣ ይወዳሉ። «ማተም» ራሱ በማኅተም ከማሸግ ተነሥቶ ለኅትመት ሥራ እንደ ዋለ ሲታይ መንገዱ የተናቀ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም ለሙያ ቃላት አማርኛ መስጠት የማይቻል ሥራ አለመሆኑን አሳይቷል። ነገር ግን ዕቃው በቆላው ሰው እጅ ባለበት ቦታ፣ እርሱ የማያውቀው ስም በማተሚያ ቤት መዝገብ ላይ ቢሰፍር ክፍተቱን ያሰፋዋል። ይልቅስ «ዕጣን» ለዕጣኑ ብቻ፣ «የግራር ሙጫ» በውኃ ለሚሟሟው፣ «ኮላ» ለፋብሪካው ማጣበቂያ ቢቀር፣ ሐሸብና ጠልሕም እንደ ወረቀትና እንደ ቀለም ድልድዩን ተሻግረው የደረጃ ስም ቢሆኑ ሁሉም ባለቤቱን ያገኛል። በማተሚያ ቤት የግዥ መጠየቂያ ላይም «ሙጫ፣ 5 ኪሎ» በሚለው ፈንታ «የግራር ሙጫ፣ ሐሸብ፣ ለፕሌት፣ 5 ኪሎ» ተብሎ ይጻፍ።