ዳቦና ማርማላታ በጦርነት ሥዕል



የጦርነት ሥዕል ሲባል ፈረስ ሲጋልብ፣ ሰንደቅ ሲውለበለብ ይታየናል። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ስታንሊ ስፔንሰር ግን ሃምፕሸር ውስጥ፣ በርክሌር በተባለች መንደር፣ የአንዲት ትንሽ ጸሎት ቤት ግድግዳዎችን የሞላው በሌላ ነገር ነው፦ አንሶላ ሲነጠፍ፣ የቆሸሸ ልብስ ሲለይ፣ ብርድ የበላው እግር ሲታከም፣ ቁስለኞች ዳቦ በማርማላታ ይዘው ሻይ ሲጠጡ።

ይህን ከሰው ሰምቶ አልሣለውም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብሪስቶል ባለ የጦር ሆስፒታል በረዳትነት አገልግሏል፤ ኋላም መቄዶንያ ዘምቷል። ሥዕሎቹን ከ1927 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ሠራቸው። አንድም ውጊያ የለባቸውም።

በመሠዊያው ግድግዳ ላይ የሞቱት ወታደሮች ከመቃብር ይነሣሉ፤ መስቀላቸውንም፣ ግዳጁን ጨርሶ ጠመንጃውን እንደሚያስረክብ ሰው፣ ለክርስቶስ ይመልሳሉ። የሚገርመው ክርስቶስ ራቅ ብሎ፣ ትንሽ ሆኖ ነው የተሣለው። መሃሉን የያዙት ሁለት የወደቁ በቅሎዎች ናቸው። በቅሎን ለትንሣኤ ማሰብ! ጭነቱን የተሸከሙት እነሱ አይደሉ?

እኔን ግን ከሁሉ የሚይዘኝ ወለል ፈታጊው ነው። አእምሮው በጦርነት የተናጋ ወታደር በደረቱ ተዘርግቶ የኮሪደሩን ወለል በሳሙና ይፈትጋል። ረዳቶች ትሪ ሙሉ ዳቦ ይዘው በአጠገቡ ይጣደፋሉ። እሱ ቀና አይልም። ሐኪሙንና ጄኔራሉን የሚሥል ሞልቷል፤ ስፔንሰር ለዚህ ሰው አንድ ሙሉ ሸራ ሰጠው።