ትልቅ ውሻ ወደ ቤት ከማስገባታችን በፊት

የዛሬው ንግግራችን ስለ ውሻ ነው። «ደግሞ ስለ ውሻ ምን የሚወራ አለ?» እንዳትሉ። በማኅበራዊ ሠራተኝነቴ በየቤቱ ስዞር፣ ጠባብ ቤት ውስጥ የገባ አንድ ትልቅ ውሻ የቤተሰቡን ሰላም ሲያናጋ ስላየሁ ነው።

አገር ቤት ሳለን ውሻ የሚኖረው ደጅ ነበር። ቤት ይጠብቃል፣ ከብቱን ከጅብ ይከላከላል፣ ማታ ትራፊ ይጣልለታል። በገጠር ፈቃድ አውጡ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። እዚህ ግን ውሻ ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድራል፤ ሕግም ወጥቶለታል።

አንድ ቤተሰብ ላንሳላችሁ። ከመርከዝ ክሊታ ወጥተው አዲስ ቤት ከገቡ ዓመት አልሞላቸውም። የ15 ዓመት ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ሊምሲራ» የሚል ማስታወቂያ ያያል፤ ያለ ዋጋ የሚሰጥ ማለት ነው። ውሻው የሮትቫይለር ክልስ ነበር። ሰጪው «አዋቂ ሰው ካልፈረመ አልሰጥም» ስላለ ልጁ አባቱን ይዞ ሄደ። አባት ዕብራይስጡን ማንበብ ስለማይችሉ፣ ልጃቸው «አባባ፣ እዚህ ጋ ፈርም» ባለበት ፈረሙ። በዚያች ፊርማ ውሻው በእሳቸው ስም ተመዘገበ።

ጥቂት ወራት ደህና አለፉ። ከዚያ ልጁ ወደ ፕኒሚያ፣ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ሄደ። ውሻው ለእናት ቀረ። እናት ደግሞ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥተው ሥራ የሚሄዱ ናቸው። ውሻው ቀኑን ሙሉ ሰገነት ላይ ተዘግቶበት ይጮኻል፣ ጎረቤት ያማርራል፣ አያት ከክፍላቸው መውጣት ፈሩ። አንድ ቀን ማታ የ6 ዓመቷ ልጅ ውሻው ሲበላ በአጠገቡ ስታልፍ እጇን ነከሳት። ቤተሰቡ «መንግሥት ይቀጣናል» ብለው ቁስሉን በጨርቅ አስረው ደበቁት። እኔ የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ተያይዘን ወደ ሐኪም ሄድን። ውሻውም ተወስዶ 10 ቀን በክትትል ቆየና ከእብደት በሽታ ነጻ ሆኖ ተገኘ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጅቷ ዳነች። ነገር ግን ያ በሽታ ቢኖርበት ኖሮ፣ በእነዚያ በተደበቁት ቀናት ልጅቷን ልናጣት እንችል ነበር።

ጥፋቱ የማን ነው? የውሻው ነው ለማለት ይከብዳል። የልጁም ብቻ አይደለም። በኋላ ሳነጋግረው «ከትምህርት ቤት ስመለስ ደስ ብሎት የሚጠብቀኝ እሱ ብቻ ነበር» አለኝ። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ውሻ ሲጠይቃችሁ እሺም እምቢም ከማለታችሁ በፊት ለምን እንደፈለገው ጠይቁት። ምናልባት የጎደለው ጓደኛ ይሆናል።

አሁን ወደ ሕጉ እንሂድ። በ2002 በወጣው የውሻ ቁጥጥር ሕግ መሠረት፣ ከ3 ወር በላይ የሆነው ውሻ ሁሉ ፈቃድ ሊኖረው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሊከተብና ከቆዳው ሥር መለያ ቁጥር የያዘ ቺፕ ሊገባለት ይገባል። ከቤት ሲወጣ መታሰር አለበት፤ ማሰሪያውን የሚይዘውም ሊቆጣጠረው የሚችል ሰው ይሁን።

ሕጉ አደገኛ የሚላቸው 8 ዝርያዎች አሉ። እነሱም ፒትቡል፣ አምስታፍ፣ ስታፎርድሻየር ቡልቴርየር፣ ቡልቴርየር፣ ሮትቫይለር፣ ዶጎ አርጀንቲኖ፣ የጃፓን ቶሳና ፊላ ብራዚሌሮ ናቸው። እነሱን የሚመስሉ ክልሶችም ይጨመራሉ። እነዚህ ውሾች መኮላሸት አለባቸው፤ ውጭ ሲወጡ አፋቸው ላይ «ማሕሶም» ይደረግላቸዋል፤ የሚይዛቸውም ሰው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ስለዚህ የ15 ዓመት ልጅ «እኔ አወጣዋለሁ» ቢላችሁ ሕጉ አይፈቅድለትም።

ሌላው ነገር ካሣ ነው። ውሻው ሰው ቢያቆስል፣ ባለቤቱ «እኔ አላጠፋሁም» ቢልም እንኳ በአብዛኛው ካሣ ይከፍላል። ስለዚህ ያላነበባችሁት ወረቀት ላይ አትፈርሙ። የሚያነብላችሁ ልጃችሁ ብቻ አይሁን፤ ከማኅበራዊ ሠራተኛችሁ ወይም ዕብራይስጥ ከሚያውቅ ዘመድ ጋር ተማከሩ። በነጻ የተገኘ ውሻም ምግብ፣ ሐኪምና የየቀኑ ሽርሽር ይፈልጋል። ይህን ሳያስቡ መውሰድ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆናል።

ውሻ ሰው ቢነክስ ወዲያውኑ ቁስሉን በብዙ ውኃና ሳሙና እጠቡ። በዚያው ቀን ወደ ኩፓት ሖሊም ወይም ወደ ሆስፒታል ሂዱ። የነከሰውን ውሻና ባለቤቱን የምታውቁ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። ክትባቱ በጊዜው ከተሰጠ ያድናል፤ የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ ግን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ቅጣት ፈርታችሁ አትደብቁ። ሐኪሙ የሚጠይቃችሁ ልጁን ለማዳን ነው።

ትናንሽ ልጆችን ከትልቅ ውሻ ጋር ብቻቸውን አትተዉ፤ ውሻው የዋህ ቢሆንም እንኳ። ሲበላ ወይም ሲተኛ እንዳይነኩት አስተምሯቸው።

ውሻውን ማቆየት ካቃታችሁ ሜዳ ወስዳችሁ አትልቀቁት። ይህ በሕግ የተከለከለ ነው። በኦሪታችንም እንስሳ የሰንበት ዕረፍት የተሰጠው ፍጡር ነውና ማሰቃየት አይገባም። ወደ ዒሪያ ቬተሪናር፣ ማለትም ወደ ከተማው የእንስሳት ሐኪም ሄዳችሁ ችግራችሁን ንገሩ። ያ ቤተሰብም በመጨረሻ ያደረገው ይህንኑ ነው። ልጁ ለሰንበት ሲመጣ አለቀሰ፤ አባት ግን አጠገቡ ተቀምጠው ስለ ውሻው ሳይሆን ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቁት። ብዙ አወጉ።