ደረቅ ግልባጭና የተረሳው ሕግ
(ለማኅበራችን አባሎች የተደረገ ንግግር)



ተቃራኒ ቻርጆች እንደሚሳሳቡ ሁላችንም ተምረናል፤ ለፈተና ጽፈን ረስተነዋል። አሜሪካዊው ቼስተር ካርልሰን ግን አልረሳውም። በኒው ዮርክ በአንድ ኩባንያ የፓተንት ክፍል ሲሠራ ሰነድ ማስገልበጥ ቢያስቸግረው፥ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ መላ ፈለገ።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1938 ከረዳቱ ከኦቶ ኮርናይ ጋር ድኝ የተቀባ የዚንክ ሰሌዳ በጨርቅ አሽቶ ቻርጅ ሰጠው። ጽሑፍ ያለበት መስተዋት ደርበው በአምፖል አበሩበት። ድኝ በጨለማ ቻርጁን ይይዛል፤ ብርሃን ሲነካው ይለቃል። ስለዚህ ቻርጁ የቀረው በፊደሎቹ ጥላ ሥር ብቻ ነበር። ደቃቅ ዱቄት ነስንሰው ትርፉን እፍ ቢሉት፥ ዱቄቱ የፊደሎቹን ቅርጽ ይዞ ቀረ፤ ሰም በተቀባ ወረቀት አነሡት። ፈሳሽ ቀለም ስለሌለው «ደረቅ» ተባለ።

ከ20 የሚበልጡ ኩባንያዎች ፊት ነሱት። በመጨረሻ ሃሎይድ፥ በኋላ ዜሮክስ የተባለው ኩባንያ፥ ተቀብሎት 914 የተሰኘውን መኪና በ1959 ለሕዝብ አሳየ፤ ከመጀመሪያው ሙከራ 21 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ለዚህ ጋዜጣ እያንዳንዱን ፊደል በስቴንስል ላይ እንደገና እንመታ ነበር። ደረቁ ግልባጭ ግን ገጹን ከነሥዕሉ፥ ከነእጅ ጽሑፉ ይወስዳል። አንድ መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ በሚዳረስበት ቤተ መጻሕፍት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ካርልሰን የተጠቀመበት ሕግ በእኛም ደብተር ተጽፏል። እርሱ ሕጉን ከችግሩ ጋር አገናኘው፤ እኛ ከፈተናው ጋር ብቻ። ስለዚህ መምህሮቻችን ሕጉን በቃላችን ከማስያዝ አልፈው ሰሌዳውንና ጨርቁን በእጃችን እንዲያስይዙን በአክብሮት እንለምናለን።