ወረፋ መቆም ለማይችለው አባል
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አደጋን የመቀነስ ሥራ የሚጀመረው ማን ይበልጥ እንደሚጎዳ አስቀድሞ በማወቅ ነው። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ በአዲስ አበባ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቷል። ቤተሰቡ በሙሉ ሲተኛ ውኃ የሚያቀብል በመታጣቱ፣ ሊድን ይችል የነበረው ሁሉ እንደሞተ ይነገራል።

ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ኮቪድ-19 በኢትዮጵያ መገኘቱ ተገለጸ። በዚያው ወር የአማራ ክልል በባሕር ዳር፣ በእንጅባራ፣ በአዲስ ቅዳምና በጥሊሊ ከተሞች እንቅስቃሴ አገደ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በአዋጁ መሠረት በወጣው ደንብም ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ።

የእርሻ ወቅት ግን አይጠብቅም። ከደብረ ማርቆስ ዙሪያ እስከ ጮቄ ተራራ ግርጌ ያለው ገበሬ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከመሠረታዊ ማኅበሩ ተሰልፎ የሚወስደው ከክረምቱ በፊት ነው። በቆሎው በግንቦትና በሰኔ፣ ጤፉ በሐምሌ ካልተዘራ ዓመቱ አለፈ ማለት ነው። በሽታው ደግሞ የሚበረታው በአረጋውያን እንዲሁም ስኳር፣ የደም ግፊትና የልብ ሕመም ባለባቸው ላይ ነው። «ከቤት አትውጡ» የተባሉትም እነዚሁ ናቸው። ከወጡ በሽታው አለ፤ ካልወጡ ማዳበሪያው ይቀራል። ጧሪ የሌላቸው አዛውንት፣ ብቻዋን ቤት የምታስተዳድር እናት፣ አካል ጉዳተኛው አባል፣ በሽታው ባይነካቸው እንኳ ማሳቸው ጦም ሊያድር ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የኮቪድ ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን አስታውቋል። የሚቀጥለው ወረርሽኝ መቼ እንደሚመጣ ግን አይታወቅም። ስለዚህ ዝግጅቱ በደኅናው ጊዜ ሊሠራ ይገባል፦

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ማኅበር ከአባላት መዝገቡ አቅመ ደካሞችን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሆኖ ይለይ። የሰው ሕመም የገበያ ወሬ እንዳይሆን መዝገቡ በአደራ ይያዝ።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዳቸው ግብዓቱን ደጃቸው የሚያደርስ ጎረቤት ከአሁኑ በስም ይመደብ።

ሦስተኛ፣ ሥርጭቱ በየጎጡ ተራ ይከፋፈል፤ በመጋዘኑ በር ውኃና ሳሙና ይኑር።

አራተኛ፣ ወንፈሉ እንዳይቀር ጥቂት ጥቂት ሰው እየተራራቀ የአቅመ ደካሞችን ማሳ በቅድሚያ ይረስ።

ከኅብረት ሥራ ሰባት መርሆዎች የመጨረሻው ለማኅበረሰብ መቆርቆር ነው። መርሁ መፈጸሙ የሚታወቀው፣ ወረፋ መቆም ያልቻለው አባል ማሳ ሐምሌ ላይ ተዘርቶ ሲታይ ነው።